ሁለተኛው ዱላ

ቀረብ ቀረብ በሉ። በሩን ዝጉት። መብራቱ ዛሬ አይመጣም፤ ቢመጣም የጀመርኩትን አልተውም። ውጭው ድቅድቅ ነው አይደል? እናንተም ጨለማ ስለሆነ የጨለማ ነገር የምነግራችሁ መስሏችኋል። አይደለም። ይህ ነገር የሆነው በቀትር ነው። ልክ ስድስት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ ሰው ጥላውን ሲያጣ። ሌሊትን ሁሉም ይፈራል፤ በሩን ይዘጋል፣ ያማትባል። ቀትርን ግን ማን ይጠነቀቀዋል? ማንም።

መንደሩን በስሙ አልጠራውም። ሰዎቹንም በሌላ ስም ነው የምጠራቸው፤ ልጆቻቸው አሁንም አሉ። ቆላ ነው። ግራር ነው፣ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ አቧራ ነው። መሀሉን ሐዲድ ያቋርጠዋል። ከላይኛው ጣቢያ እስከ ታችኛው ጣቢያ በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። ሐዲዱን ተከትላ አንዲት ቀጭን የእግር መንገድ ትወርዳለች። ቤት የለባትም። ውሃ የለባትም። መንገዱ ላይ አንድ ደረቅ ወንዝ አለ፤ በወንዙ ላይ የብረት ድልድይ አለ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ላይኛው ጣቢያ ሎሚ ትሸጥ ነበር። የሰማሁት ከእሷ ነው።

በላይኛው ጣቢያ ዘርጋው የሚባል ሰው ነበር። ዘርጋው ማን ነው? የጭነት ባቡር ስምሪት ሹም ነው። የትኛው ባቡር ይሂድ፣ የትኛው ይቁም፣ የትኛው ፉርጎ ከየትኛው ይቀጠል፣ ይህን ሁሉ የሚወስነው እሱ ነው። ሰው የጫነውን ባቡር ሁሉም ወጥቶ ያየዋል፣ እጁን ያውለበልብለታል። የጭነቱን ባቡር ማን ያየዋል? ቡና ነው፣ ቆዳ ነው፣ ጨው ነው። ዘርጋው ግን ያየዋል። ሠላሳ ዓመት አይቶታል። በአሥራ ስድስት ዓመቱ የፉርጎ እግር ግራሶ እየቀባ ገባ። ከዚያ ሐዲድ መቀየሪያውን የሚጎትት ሆነ። ከዚያ የጣቢያ ጸሐፊ ሆነ። በመጨረሻም ሹም ሆነ። ደረጃ በደረጃ፣ ያለ አማላጅ። ፉርጎ ሲያልፍ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በድምፁ ብቻ፣ ይሄ ባዶ ነው፣ ይሄ ሙሉ ነው ይላል ይሉታል።

አሁን ይህን ልብ ብላችሁ ስሙ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሐዲዱ አንድ ነው። የሚወርደውም የሚወጣውም በዚያው በአንዱ ነው። ታዲያ እንዳይጋጩ ምን አደረጉ? ዱላ አበጁ። አንድ ዱላ። ክንድ የምታህል፣ ከወይራ የተጠረበች፣ አንገቷ ላይ የናስ ቀለበት ያላት። ያችን ዱላ ያልያዘ ነጂ ከጣቢያ አይወጣም። ዱላዋ ላይ ካለች ከላይ ያለው ይወርዳል። ዱላዋ ታች ካለች ከታች ያለው ይወጣል። ዱላዋ አንድ ናትና ሁለት ባቡር አፍ ለአፍ አይገናኝም። ገባችሁ? ንጉሥ ቢሳፈር እንኳ ያለ ዱላ አይሄድም ነበር።

ቢራቱ የሚባል ነጂ ነበር። ረጅም፣ ጥቁር፣ በግራ እግሩ ትንሽ የሚያነክስ። እሱና ዘርጋው አበልጆች ናቸው። የቢራቱ ሚስት እልፍነሽ የዘርጋውን ሴት ልጅ ክርስትና አንስታለች። አበልጅ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ከሥጋ ዘመድ ይበልጣል። በእግዚአብሔር ፊት ነው የተሳሰሩት።

ቢራቱ ሁልጊዜ ከመነሳቱ በፊት ከባቡሩ መስኮት እጁን ይዘረጋል።

«መንገድ አለ?» ይላል።

«መንገድ አለ» ይላል ዘርጋው። ዱላዋን መዳፉ ላይ ያኖርለታል።

ሥርዓቱ ይህ ነው። ሁሉም ነጂ ይጠይቃል፤ ሁሉም ሹም ይመልሳል። ቢራቱ ግን ሳይቀልድ አይሄድም።

«አበልጅ፣ ዛሬ ፊትህ ባዶ ፉርጎ ይመስላል። ማን አራገፈህ?»

«ሂድ አንተ ጥላሸታም! መጀመሪያ ፊትህን ታጠብ፤ ሰው መሆንህን እንወቅ።»

«ብታጠብ ሚስቴ አታውቀኝም፤ በር ትዘጋብኛለች።»

ሎሚ ሻጮቹ ይስቃሉ። ባቡሩ ይሄዳል። እንዲህ ሆነው ኖሩ፤ ዓመት ሄደ፣ ዓመት መጣ።

አንድ የቡና ወራት ላይ ጭነቱ በዛ። ምን ያህል በዛ? ጆንያው ከመጋዘን አልፎ ሜዳ ላይ ተከመረ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪው መጣ። አቶ ልሳነወርቅ ይባላል፤ ነጭ ልብስ ለባሽ፣ ቃሉ የሚጣፍጥ ሰው።

«ዘርጋው፣ ይሄ ሁሉ ቡና እዚህ ምን ይሠራል?»

«ዱላዋን እየጠበቀ ነው ጌታዬ። ጠዋት አንድ ባቡር አውርጄ ነበር። ዱላዋ ታች ቀረች። ሰው በእግሩ ሄዷል፤ ይዞ እስኪመጣ ሁለተኛውን ባቡር ማውረድ አልችልም።»

«አንድ እንጨት ትጠብቃለህ? መርከብ ወደብ ላይ ቆሞ?»

«ሥርዓቱ ነው ጌታዬ።»

አቶ ልሳነወርቅ ትከሻውን ያዘው። ወደ ጥግ ወሰደው። «አናጢ የለህም?» አለው። «ሌላ ዱላ አስቀርጽ። ቁርጥ እንደ መጀመሪያዋ። ሁለት ባቡር ተከታትሎ ይወርድልሃል። ስልክ አለ አይደል? ከታች ካለው ሹም ጋር በስልክ እየተነጋገራችሁ ትሠራላችሁ። ማን ያውቃል?»

 የዘርጋው ልብ እሺ አላለውም። «በወረቀት ቢያዙኝ ጌታዬ» አለ፤ ቃሉን ሊጨርስ አፈረ።

«ወረቀት? እኔን ነው ወረቀት የምትጠይቀኝ? ከሞሰብህ ቆርሼ በልቼ ሳበቃ?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? የበላይ ሰው፣ ቤታችሁ ገብቶ የበላ ሰው፣ ቃል ሰጥቷችሁ ወረቀት ትጠይቃላችሁ? አትጠይቁም። ዘርጋውም ደግሞ አልጠየቀም። ዱላዋን አስቀረጸ። ሁለተኛዋን። የናስ ቀለበትም አስገባላት። ጎን ለጎን ቢያኖሯቸው እናትና ልጅ አይደሉም፤ መንታ ናቸው።

ወሩን ሙሉ ሠራ። ስልክ ይደውላል፤ የታችኛው ሹም «ና» ይለዋል፤ ባቡሩን ይለቃል። ቡናው ተጠራረገ። አቶ ልሳነወርቅ ተመሰገነ። ነጂዎቹ ምንም አያውቁም። ቢራቱም አያውቅም። ዱላ ይሰጡታል፣ ዱላ ይቀበላል።

ከዚያ የታችኛው ጣቢያ ሹም ተቀየረ። አዲስ ሰው መጣ። አዲሱ ሰው ሁለተኛ ዱላ መኖሩን በምን ይወቅ? ወረቀት ላይ የለም። የሚነግረው ሰው ደግሞ ዘርጋው ነው፤ ዘርጋውም ዛሬ ነገ ሲል ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ስልኩ ተቋረጠ። ነፋስ ሽቦውን ጥሎት ነበር። ዘርጋው ደወለ፤ ዝም። ደግሞ ደወለ፤ ዝም። የመጀመሪያዋ ዱላ ታች ናት። አሥራ ሁለት ፉርጎ ቡና ተቀጥሎ ቆሟል። ቢራቱ እሳቱን አስነድዶ ተቀምጧል። ከታች የሚመጣው የጨው ባቡር ሁልጊዜ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚነሳው። ዘርጋው ሰዓቱን አየ። ስድስት ሊሆን ነው። እስከ ዘጠኝ ብዙ ጊዜ አለ አለ በልቡ። መንገዱ ባዶ ነው አለ። ሠላሳ ዓመት ያወቀውን መንገድ በልቡ አየው፤ በዓይኑ ግን አላየውም።

ቀትር ስለሆነ ሰው ሁሉ ጥላ ገብቷል። በጣቢያው ማንም የለም። እሳት አንዳጁ ጀርባውን ሰጥቶ እንጨት ይወረውራል። ቢራቱ እጁን ዘረጋ።

«መንገድ አለ?»

«መንገድ አለ።»

ያን ዕለት ግን ቢራቱ አልቀለደም። እጁን እንደዘረጋ ቆየ። «ከታች ተናገሩ?» አለው።

እዚህ ላይ ዘርጋው እውነቱን ቢናገር ኖሮ ይህን ታሪክ አልነግራችሁም ነበር።

«ተናገሩ» አለ ዘርጋው።

ቢራቱ ሁለተኛዋን ዱላ ተቀበለ። ሄደ።

የጨው ባቡር ያን ዕለት ቀድሞ መጥቶ ነበር። አዲሱ ሹም የመጀመሪያዋን ዱላ በእጁ ይዟል፤ ሥርዓቱን ጠብቆ ለነጂው ሰጠ። ምን አጠፋ? ምንም። ሁለቱ ባቡሮች ድልድዩ ጋ ተገናኙ። ድምፁን እናቴ ጥላ ሥር፣ ሎሚዋ አጠገብ ሆና ሰምታዋለች። ነጎድጓድ መስሏት ሰማይ አየች። ደመና የለም።

የጨው ባቡር ነጂ ዘሎ ተረፈ። የቢራቱ እሳት አንዳጅም እግሩ ተሰብሮ ተረፈ። ቢራቱ አልዘለለም። ፍሬኑን እንደያዘ ቀረ።

መጀመሪያ የደረሰው ማን ይመስላችኋል? ዘርጋው ነው። ሮጦ፣ ላብ አጥምቆት። አበልጁን አየው። ቢራቱ ሞቷል። ዱላዋ ግን በቀኝ እጁ ናት። ዘርጋው ዓይኑን ሳይከድንለት፣ አንድ አባታችን ሆይ ሳይልለት፣ ዱላዋን ወሰደ። ኮቱ ውስጥ ከተታት። ይህን ሲያደርግ ማን አየው? ሰው አላየውም።

ማታውን አቶ ልሳነወርቅ መጣ። በር ዘጉ።

«ስማ ዘርጋው። ነጂው ያለ ዱላ ነው የወጣው። ጠጥቶ ነበር። አንተ ቁም እያልከው ነው የሄደው።»

«ጌታዬ፣ ቢራቱ አረቄ ቀምሶ አያውቅም። አበልጄ ነው።»

«የሞተ ሰው አይታሰርም፤ አንተ ግን ትታሰራለህ። ሠላሳ ዓመትህ፣ ጡረታህ፣ ልጆችህ። እኔ አለሁልህ። ፈርም።»

ፈረመ።

ያለ ዱላ የወጣ ነጂ ጥፋተኛ ነው። ለጥፋተኛ ነጂ ቤተሰብ ደግሞ ጡረታ አይሰጥም። የሚኖሩበት ቤት የመሥሪያ ቤቱ ነው። እልፍነሽን እስከ አርባ ቀን ድረስ ልቀቂ አሏት። አራት ልጅ ይዛ ወዴት ትሂድ? ልጆቿን በጎዳና «የሰካራም ልጅ» ይሏቸው ጀመር።

አንድ ቀን ወደ ዘርጋው ቤት መጣች። ጥቁር ለብሳለች። ተቀመጪ ቢሏት አልቀመጥም አለች።

«አበልጄ» አለችው። «ሌላ ሰው አልጠይቅም። ሰው ያለውን ይበል። አንተ ንገረኝ። ዱላ ሰጥተኸው ነበር ወይስ አልሰጠኸውም? ባነሳኋት ልጅ ክርስትና ይዤሃለሁ።»

ልጅቷ እዚያው ቆማለች። ሚስቱም ቆማለች።

«አልሰጠሁትም» አለ ዘርጋው።

እልፍነሽ አልጮኸችም። አላለቀሰችም። ፊቱን አየችው፣ አየችው፣ አየችው። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ መጣ። እንዴት መጣ? ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ዘርጋው ዱላዋን ሊያቃጥላት እሳት ውስጥ ከተታት። አደረች። ጠዋት አመዱን ሲገልጠው ተኝታለች፤ ጠረኗ እንኳ አልተለወጠም። ደግሞ ከተታት፤ ደግሞ ተኝታ አገኛት። እጁን ወደ ናሱ ቀለበት ሰደደ። እሳት ውስጥ ያደረ ናስ ይቀዘቅዛል? ቀዝቅዞ ነበር።

አርባው ቀን ደረሰ። ጉዳዩን የሚዘጉ ሰዎች ታችኛው ጣቢያ ተሰብስበዋል። ዘርጋው በፊታቸው ቃሉን ደግሞ ይናገራል፣ የመጨረሻውን ይፈርማል፣ ያልቃል። ድልድዩ ስላልተጠገነ ባቡር የለም። በእግሩ መሄድ ነበረበት። ሚስቱ «ሰው ይዘህ ሂድ» አለችው። ሰው ይዞ እንዴት ይሂድ? ዱላዋ ኮቱ ውስጥ ናት። ድልድዩ ላይ ሲደርስ የወንዙ አሸዋ ውስጥ ሊጥላት ነው። ብቻውን ወጣ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። መንገዱ ጭር ብሏል። ወፍ የለም። ዝንብ የለም።

መጀመሪያ የሰማው ሐዲዱን ነው። ሐዲዱ ያዜማል። ባቡር ሲመጣ ከሩቅ ቀጭን ድምፅ አለው፤ ታውቁት እንደሆነ አላውቅም። ዘርጋው ያውቀዋል። ባቡር ግን የለም፤ መንገዱ ተዘግቷል። ጎንበስ ብሎ ሐዲዱን ነካው። በቆላ፣ በቀትር፣ ብረት ነክታችሁ ታውቃላችሁ? ቆዳ ይገፍፋል። ያ ሐዲድ ግን በረዶ ሆኖ ነበር።

አማተበ። እርምጃውን አፈጠነ።

ከዚያ ኮቴ ሰማ። ከኋላው። የሐዲዱን አግዳሚ እንጨቶች እየረገጠ የሚመጣ። አንዱን ጠንከር፣ አንዱን ላላ። አንዱን ጠንከር፣ አንዱን ላላ። በግራ እግሩ የሚያነክስ ሰው። ዘርጋው ቆመ፤ ኮቴው ቆመ። ሄደ፤ ኮቴው ሄደ። ዞር ብሎ አየ። ምን አየ? ምንም። ሐዲዱ ብቻ ነው፤ ፀሐይዋ ብቻ ናት።

ድልድዩ ላይ ደረሰ። ወደ እግሩ አየ። የራሱ ጥላ የለም፤ ቀትር ነው። ከጎኑ ግን ጥላ አለ። ረጅም ጥላ፣ የአሥራ ሁለት ሰዓት ዓይነት፣ ድልድዩ ላይ ተጋድሟል። ባለቤት የለውም። ጥላው እጅ አለው። እጁን ቀስ አድርጎ ዘረጋ።

ዘርጋው ዱላዋን ከኮቱ አወጣ። ክንዱን ወደ ኋላ ወስዶ ወደ ወንዙ ሊወረውራት ነው። ወረወረ። ዱላዋ ግን አልሄደችም። ጣቶቹ አልተፈቱም። በግራ እጁ ሊያላቅቃቸው ታገለ። ድንጋይ ሆነዋል።

«መንገድ አለ?»

ድምፁን አወቀው። ከጆሮው አጠገብ ነው። ትንፋሹ የእንጨት ጭስ ይሸታል።

ዘርጋው አባታችን ሆይ ሊል አፉን ከፈተ። ከአፉ የወጣው ምን ነበር?

«መንገድ አለ» ነው የወጣው።

«ከታች ተናገሩ?»

ዘርጋው ከንፈሩን ነከሰ። እስኪደማ ነከሰው። ምላሱ ግን ለራሷ ሄደች። «ተናገሩ» አለች።

ያኔ አየው። ከፊቱ ነው የቆመው። ፊቱ ጥላሸት ነው፤ ዓይኖቹ አልተከደኑም። ማን ይክደንለት? አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር ትል ነበር እናቴ። ሰው የሚወደው ሰው ሲከዳው እንደሚያየው ነው ያየው። እጁን እንደዘረጋ ነው።

«አንተን አምኜ ነበር እኮ» አለው። ሌላ ቃል አልተናገረም።

ዘርጋው ሮጠ። ኮቱ ወለቀ፣ ባርኔጣው ወደቀ፣ አልዞረም። ኮቴው ከኋላው ነው፤ ጠንከር፣ ላላ፣ ጠንከር፣ ላላ። ታችኛው ጣቢያ እስኪገባ ድረስ አልተለየውም።

ሰዎቹ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። አቶ ልሳነወርቅ መሀል ላይ ነው። እልፍነሽ በሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ዘርጋው ገባ። ዱላዋ በእጁ ናት። የመጀመሪያዋ ዱላ ደግሞ ግድግዳው ላይ ተሰቅላለች። ሰዎቹ አንዴ ግድግዳውን አዩ፣ አንዴ የዘርጋውን እጅ አዩ።

«ሰጥቼዋለሁ» አለ ዘርጋው። «ቢራቱ ያለ ዱላ አልወጣም። ይቺን ሰጥቼዋለሁ። ስልክ ተቋርጦ ሳለ ተናገሩ ብዬ ዋሽቼዋለሁ። ከሬሳው እጅ ላይ ወስጃታለሁ።»

ይህን ሲል ጣቶቹ ተፈቱ። ዱላዋ ወለሉ ላይ ወደቀች።

«ማን አስቀረጻት?» አሉት።

ወደ አቶ ልሳነወርቅ ዞረ። «እርስዎ ይናገሩ ጌታዬ።»

አቶ ልሳነወርቅ ዱላዋን አነሳ። አገላበጣት። «እኔ ይህን እንጨት ዛሬ ገና ማየቴ ነው» አለ። ድምፁ እንደ ወትሮው ይጣፍጣል። «እኔ አዝዤህ ከሆነ ወረቀቱን አሳያቸው።»

ዘርጋው ወረቀት ከየት ያምጣ? አለሁልህ ያለው ሰው እንዲህ አለው። ያን ጊዜ ቢራቱ ድልድዩ ላይ እሱን ያየበትን ዓይን ዘርጋው በራሱ ፊት ላይ አወቀው። ተመሳሳይ ነው። አሁን ገባው።

ቤቱ ለእልፍነሽ ተመለሰላት። ጡረታው ተሰጣት። የቢራቱ ስም ጠራ። ዘርጋው ሦስት ዓመት ታሰረ። አቶ ልሳነወርቅ ምን ሆነ? ምንም አልሆነም። ከፍ ብሎ ተሾመ፤ ሲሞትም በሙዚቃ ነው የተቀበረው። የእሱን እኛ አንጠይቅም። የሚጠይቅ አለ።

ዘርጋው ከእስር ሲወጣ ፀጉሩ ነጭ ሆኖ ነበር። ድንጋይ ተሸክሞ እልፍነሽ ደጃፍ ወደቀ። ሽማግሌዎች አብረውት አሉ፣ ቄሱም አሉ። እልፍነሽ ወጣች። ድንጋዩን ከትከሻው ላይ በእጇ አነሳችለት።

«የእኔን ይቅር ብዬሃለሁ» አለችው። «ልጆቼም ይቅር ብለውሃል። የእሱን ግን እኔ አልሰጥህም። የእኔ አይደለም። ከራሱ ጠይቅ።»

ቄሱ «እንዲህ አይባልም ልጄ» አሏት። እሷ ግን ገብታለች።

ዘርጋው ሰነበተ። በየጠዋቱ ወደ ድልድዩ በሚወስደው መንገድ መጀመሪያ ላይ ይቆምና ወደ ታች የሚሄደውን ሰው «አብረን እንሂድ» ይላል። ሰው ግን ከዘርጋው ጋር መንገድ አይሄድም። «ቅደም፣ እደርስብሃለሁ» ይሉታል። ሰባት ቀን እንዲህ ሆነ። በስምንተኛው ቀን ሰው መለመኑን ተወ። ቀትር እስኪሆን ጠበቀ። ኮቱን ቆለፈ። ብቻውን ወረደ።

ከድልድዩ ወዲያ ማዶ ሐዲድ የሚጠብቅ ዘበኛ ነበር። እሱ ነው የተናገረው። ከሩቅ ሰው ሲመጣ አየሁ አለ። አንድ ሰው ነበር። ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝና ጨፈን አደረግሁ አለ። ስከፍት ሁለት ናቸው አለ። ጎን ለጎን ይሄዳሉ። አንደኛው ያነክሳል። አይጣሉም፤ እንደ ሰው ያወራሉ። አጭሩ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያወራው። ዘበኛው ዘመድ ናቸው ብሎ ውሃ ቀዳላቸው። ድልድዩ ላይ ወጡ።

ዘበኛው ጠበቀ። ጠበቀ። ጠበቀ።

ሄዶ አየ። ድልድዩ ላይ ማንም የለም። ከታች አሸዋው ላይ ማንም የለም። መንደር ወጥቶ ሦስት ቀን ፈለገ። ኮት አልተገኘም፣ አጥንት አልተገኘም። ቢራቱ ይቅር ብሎት ወስዶት እንደሆነ፣ ሳይምረው ወስዶት እንደሆነ፣ ይኸው እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። እናቴም አታውቅም ነበር። እኔም አላውቅም።

በሉ ተነሱ፤ መሽቷል። እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን። ማንም ብቻውን እንዳይሄድ፤ ሁለት ሁለት ሁኑ። ጨለማ ስለሆነ ፊት አትተያዩም። ስለዚህ ከበሩ ስትወጡ አጠገባችሁ ያለውን ሰው በስሙ ጥሩት። አቤት ይበላችሁ። አቤት ሳይል አንድ እርምጃ አብራችሁት እንዳትራመዱ።